«ይሄን ጊዜ የት ነበርሽ?» በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለተቋረጠ ሥራ የትኛው መልስ ይሻላል?

ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የመሃለኛው ሰውዬ በግራ እጃቸው የሥራ ልምድ ወረቀቴን፣ በቀኛቸው ሲቪዬን ይዘው አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ያያሉ። ከጀርባቸው በመስኮቱ ጣና ይታያል። እንጨት የጫነ ታንኳ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይመጣል፤ እኔ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ በሆዴ እጸልያለሁ። የሰውዬው ጣት አንድ መስመር ላይ አረፈ። «ጥቅምት 2015 ለቀቅሽ። አሁን መጋቢት 2016 ነው። ይሄን ጊዜ የት ነበርሽ?»

አሥራ ሰባት ወር ነው። ድብርት ነበረብኝ። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ጸበል፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኬድኩ። ፊት መታጠብ እንኳ እንደ ትልቅ ሥራ የሚታሰብበት ጠዋት ስንቱን አሳለፍኩ። መልሴን ቤት ውስጥ ስለማመደው ከርሜ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ያልተለማመድኩት ሆነ፤ «እናቴ ታማብኝ ነበር።» ሥራውን አገኘሁ። ያ መልስ ያመጣብኝን ጣጣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ዛሬ እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ሰው ሲቀጠር ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ እኔ ነኝ። ሁለቱንም ወንበር ስለቀመስኳቸው፣ ታምሞ ሥራ ያቋረጠ ሰው ፊቱ ያሉትን መንገዶች ላነጻጽር። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ቡና ላይ ስትቀመጡ፣ ያ መልስ አብሯችሁ መቀመጥ ይችላል ወይ? ለኢንተርቪው ቀን ብቻ የሚሆን መልስማ ሞልቷል።

ጠያቂው በሆዱ ምን ይላል?

እናንተ ስለ ሕመማችሁ ስትጨነቁ ጠያቂው ስለ እሱ ጭራሽ ላያስብ ይችላል። ሂሳብ ሠራተኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሲሆን ባዶ ጊዜ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት «ገንዘብ አጉድላ ይሆን?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ታስራ ነበር?»፤ ቀጥሎ «ዓረብ ሀገር ሄዳ ነው? ነገም ትሄድብኛለች?» ይላል። ሕመም ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚታሰበው፤ ብዙ ጊዜም ከነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ይህን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። እኔ ዝም ብዬ የሸፈንኩትን ጊዜ ሰው በባሰ ነገር እየሞላው ኖሯል።

ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ ክፍተት ያለው ሲቪ ብርቅ አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ቱሪስቱ ጠፋ፣ አስጎብኚውም አስተናጋጁም ቤቱ ተቀመጠ። ጠያቂው ራሱ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የከረመ ወንድም ይኖረው ይሆናል። ጥያቄውን እንደ ክስ አትስሙት።

ዓመት ብቻ ጽፎ ማለፍ

ብዙ ሰው የሚመርጠው ይሄን ነው፤ ሲቪው ላይ ወር ሳይጠቅሱ ዓመት ብቻ መጻፍ። በኛ አቆጣጠር ሲሆን አንዳንዴ ተአምር ይሠራል። የእኔን ውሰዱት፤ «እስከ 2015» እና «ከ2016 ጀምሮ» ብዬ ብጽፍ አሥራ ሰባቱ ወር ድራሹ ይጠፋል። ያንኑ ሲቪ በፈረንጅ አቆጣጠር ሳዘጋጀው ግን የለቀቅኩት 2022፣ የጀመርኩት 2024 ሆኖ 2023 እንዳለ ተገትሮ ይታያል። ሲቪው በፈረንጅ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ጠያቂው ሲያመሳክር ያልነበረ ክፍተት የሚያገኝበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ ከላይ እስከ ታች በእሱ ጻፉ።

ዓመት ብቻ መጻፍ ውሸት አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በአብዛኛው ያሳልፋል፤ እዚያ የሚቆጠረው የፈተና ውጤት፣ የትምህርት ማስረጃና የሥራ ልምድ ዓመት ስለሆነ በመሃል የት እንደነበራችሁ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። መያድ (መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት) ጋ ስትሄዱ ግን ቅጹ ራሱ ወር ይጠይቃል፤ አጠገቡም «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ። ባንክም ወረቀቱን ቀኑን እየቆጠረ ነው የሚያየው። ዝምታ ወንበሩ ድረስ ያደርሳችኋል እንጂ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ የምትሉትን አይሰጣችሁም።

ያልሠሩበትን ድርጅት መጻፍ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። «የአክስቴ ልጅ ድርጅት አለው፣ የሥራ ልምድ ይጽፍልኛል» የሚል ሰው ካለ፣ በኩር ጋዜጣ ላይ ከሚወጡት ማስታወቂያዎች የግርጌውን መስመር ያንብብ። ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማረጋገጫ ይኑረው ይላል። ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው ደሞዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ መደረግ አለበት። ያልተከፈለ ነገር ያልተሠራ ነገር ነው። ሕመም ማንንም አያስጠይቅም፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ግን ከተቀጠሩ በኋላም ያስባርራል፣ ያስከስሳልም።

«ቤተሰብ ታሞብኝ ነው»

የኔው መልስ ነው። ጥሩ ጎኑ ማንም አይከራከረውም፤ እናቱን ያስታመመ ሰው በሀገራችን ይከበራል እንጂ አይጠረጠርም። መሃል የተቀመጡት ሰውዬ እንዲያውም ሲቪዬን አጥፈው «እናትሽ አሁን እንዴት ናቸው?» አሉኝ። «ደህና ናቸው» አልኩ። እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

አላበቃም። በየሳምንቱ አንድ ሰው «እናታችን እንዴት ሆኑ?» ይለኛል። «ደህና ናቸው» ስል «ምን ነበር ሕመማቸው?» ይመጣል። ለአንዷ ስኳር አልኩ፤ ለሌላው ደግሞ፣ የቀድሞውን ረስቼ፣ ጨጓራ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቤታችን በር ተንኳኳ። አምስት የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንድ ፌስታል ሙዝ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና ግማሽ ካርቶን ጁስ። ለጥየቃ ነው የመጡት። የቀረሁት የእናቴ ሕመም ተመልሶባት መስሏቸው ገንዘብ አዋጥተዋል። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጇ ላይ የቡና መቁያው እየጨሰ፣ ፊቷ እንደ ጤፍ ማሳ ሞልቶ። «ግቡ ልጆቼ፣ ቤት ለእንግዳ» ካለች በኋላ ፌስታሎቹን አየችና ወደ እኔ ዞራ «የታመመው ማነው?» አለች።

ያን ቀን ያወጣኋት እናቴ ናት። አንድም ነገር ሳታውቅ፣ የአንዷን ፊት አይታ ብቻ፣ «አይ፣ አሁንማ ተሽሎኛል» ብላ ሙዙን ተቀበለች። ከሄዱ በኋላ ግን እስከ ሦስተኛው ቡና አላናገረችኝም። ስትናገርም «እኔን ከምታሳምሚኝ የራስሽን ብትናገሪ ምን ነበረበት?» ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ «ቤተሰብ ታሞ ነው» ማለት ቤተሰቡ እስኪጠየቅ ድረስ የሚቆይ መልስ ነው። በእርግጥ ታሞባችሁ አስታምማችሁ ከሆነ ግን፣ ለእናንተ ሕመምም አንዱ ምክንያት እሱ ቢሆንም እንኳ፣ ተናገሩት፤ እውነት ነውና አያስጨንቃችሁም።

«በጸጥታው ምክንያት» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። መንገድ ተዘግቶባችሁ፣ ድርጅቱ ሥራ አቁሞባችሁ ከሆነ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ካልሆነ ተዉት። ጠያቂው የሚኖረው እዚሁ ነው፤ የትኛው መንገድ መቼ እንደተዘጋ ከእናንተ በላይ ያስታውሳል።

«ታምሜ ነበር፤ ተመስገን፣ አለፈ»

ለብዙው ሰው የምመክረው ይህ ነው። የሕመሙን ስም አይጠራም፣ ግን ሕመም መሆኑን አይክድም።

በሁለተኛው ሥራ፣ በ2017፣ እንዲህ አልኩ፤ «በ2015 መጀመሪያ በጤና ምክንያት ሥራ ለቅቄ ሕክምና ስከታተል ቆየሁ። በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ሲሻለኝ የአጎቴን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂሳብ ስይዝ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራ ተመልሼ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ።» አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ከጠያቂዎቹ ትልቁ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» አሉ። ሌሎቹም ተከትለው «እንኳን ማረሽ»። «አሜን» አልኩ መሰለኝ፣ በደንብ አላስታውስም፤ ብቻ ጥያቄው ተዘጋ። ታምሞ የዳነን ሰው በኛ ባህል የሚጠብቀው ቡራኬ ነው፣ ምርመራ አይደለም። ክርስቲያን ከሆናችሁ «ተመስገን»፣ ሙስሊም ከሆናችሁ «አልሐምዱሊላህ» ስትሉ ወሬው ወደ ማብቂያው እንደደረሰ ሰሚው ያውቃል። ሌላ ሀገር ሰዎች ይሄን እንዴት እንደሚዘጉት እንጃ፤ እኛ ግን ቃሉ አለን፤ እንጠቀምበት።

አልፎ አልፎ የማይዘጋለት ሰው ያጋጥማል። «ምን ነበር ሕመሙ?» ይላል። እዚህ ላይ ፊት ማጨማደድም፣ ሕግ መጥቀስም አያስፈልግም። «ሕክምና አግኝቶ የተስተካከለ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያግደኝ የለም» በሉና ወዲያው ስለ ሥራው አንድ ነገር ጠይቁ። የኔ ጥያቄ «ወርኃዊ ሂሳቡ የሚዘጋው በስንት ቀን ነው?» የሚል ነበር። ሂሳብ የሚወድ ሰው ስለዚያ ማውራት ሲጀምር ሕመሙን ይረሳል።

ሁለት ጥንቃቄ። መድኃኒት እየወሰዳችሁ ወይም ቀጠሮ እየተከታተላችሁ ከሆነ «ፈጽሞ ድኛለሁ» አትበሉ፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራዬን እሠራለሁ» በሉ። ነገ ለሆስፒታል ቀጠሮ ፈቃድ ስትጠይቁ የትናንቱ ቃላችሁ እንዳይመሰክርባችሁ። ሁለተኛው፣ ሲሻላችሁ የሠራችሁት ጥቂት ነገር ካለ አትናቁት። የዘመድ ሱቅ ሂሳብ መያዝ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና መውሰድ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ልጆች ማስጠናት ሁሉም ይቆጠራል። ጠያቂው መስማት የሚፈልገው ጊዜው እንዴት እንደተጀመረ ሳይሆን እንዴት እንዳለቀ ነው።

ስለ ጸበል አንድ ነገር ልጨምር። ወራት ጸበል የከረመ ሰው «ጸበል ነበርኩ» ቢል ከ«ታምሜ ነበር» የበለጠ የተናገረ ነው። ሰሚው ሕመሙን በራሱ ይገምታል፤ ግምቱም ከድብርት እስከ ክፉ መንፈስ ይደርሳል። አንዳንዱ ደስ ብሎት «የትኛው ጸበል?» ብሎ ታሪክ ይጠይቃችኋል፤ አንዳንዱ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል። የማፍር ሆኜ አይደለም፤ ጸበሉ ጠቅሞኛል፣ መድኃኒቱንም ሳላቋርጥ ነው የተጠመቅኩት። ለኢንተርቪው ግን «ሕክምና» የሚለው ቃል ይበቃል።

ስሙን ጠርቶ መናገር

ድብርት ነበረብኝ፣ ባይፖላር አለብኝ፣ ከጭንቀት ሕመም ጋር እኖራለሁ ብሎ በግልጽ መናገር። ይህን መንገድ አከብረዋለሁ፤ ግን ለሁሉም ቦታ አልመክረውም። ምክንያቴን በአንድ ልጅ ላስረዳ።

ለሪሴፕሽን ሊወዳደር መጣ። እንግሊዝኛው ጥሩ፣ ፈገግታው ጥሩ። ክፍተቱን ስንጠይቀው ሁሉንም ነገረን፤ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቶቹን ስም፣ አባቱ ምን እንዳሉት፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ። ላቡን እየጠረገ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገረ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ከወጣ በኋላ አንዱ ባልደረባዬ «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ሌሊት አንድ ሰካራም እንግዳ ቢጮህበትስ?» አለ። ሌላው ሳቀ። እኔ፣ ከሁለቱም በላይ ማወቅ የነበረብኝ፣ ወረቀቴ ላይ መስመር እያሰመርኩ ዝም አልኩ። ልጁ አልተቀጠረም። ያን ዝምታዬን እስካሁን አልወደድኩትም፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ሕጉ ከልጁ ጋር ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳትና በሌሎችም ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ የአካል ጉዳትን ሲተረጉም የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን ማመቻቸት እንዳለበትም ይደነግጋል። ግን ያልተመረጠ ሰው ለምን እንዳልተመረጠ ማን ይነግረዋል? ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ስምህ የለም፣ አለቀ። ከተማዋም ትንሽ ናት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዱ ሆቴል የተናገራችሁት ሳምንት ሳይሞላው ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ሊጠብቃችሁ ይችላል።

እንግዲያው ስሙን መጥራት የሚያዋጣው መቼ ነው? አንደኛ፣ ሥራው ራሱ ከጤና ወይም ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር ሲያያዝ፤ እዚያ ልምዳችሁ እንደ እውቀት ሊታይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰዉ ሁሉ ቀድሞ ሲያውቅ፤ ቀጣሪው የሰፈር ሰው ከሆነና ስትታመሙ ያያችሁ ከሆነ «ታምሜ ነበር» ብቻ ማለት ድብብቆሽ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ያለ እሱ ሥራው የማይሆን ሁኔታ ሲኖር። ባይፖላር ላለበት ሰው የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ማስታገሻነት ያለው መድኃኒት ማታ የሚወስድ ሰውም ንጋት ላይ ይከብደዋል። ሆቴልና ፋብሪካ ደግሞ በሺፍት ነው የሚኖሩት። ይህን ሳይናገሩ የማታ ሺፍት መቀበል ራስን ወደ አዲስ ክፍተት መላክ ነው። እዚህም ላይ ቢሆን ከሕመሙ ስም ይልቅ ሁኔታውን መናገር ይቀላል፤ «በጤና ምክንያት ሐኪም የማታ ሥራ ከልክሎኛል፤ የጠዋቱን ሺፍት ግን እሑድንም ጨምሮ እሸፍናለሁ።» ሺፍት የሚያወጣ ኃላፊ እሑድን የሚሸፍንለት ሰው ሲያገኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አትጠይቁኝ።

ከተናገራችሁ አጭር ይሁን። ያ ልጅ የተጎዳው በመናገሩ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ከተቀጠሩ በኋላ መናገር

ይህ መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም፤ ለኔ ግን ከ«ታምሜ ነበር» ጋር ተጣምሮ ከሁሉ የተሻለው ነው። በኢንተርቪው ጠቅለል አድርጎ ማለፍ፣ ዝርዝሩን ሲያስፈልግ ለቅርብ ኃላፊ ብቻ መንገር።

ጊዜውን አስሉ። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ገደማ። በዚህ ጊዜ አሠሪው «አልተስማማኝም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። የሕመም ፈቃድ መብትም የሚመጣው የሙከራው ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ቀጠሮው በየወሩ ከሆነ ለጊዜው ማራራቅ ይቻል እንደሆነ፣ ካልሆነም ከዕረፍት ቀናችሁ ጋር መግጠም ይችል እንደሆነ ጠይቁ። እዚሁ ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ፤ ለቀጠሮ አዲስ አበባ መመላለስ ድሮ የነበረውን ያህል ግዴታ አይደለም። መድኃኒቱን ግን ለሥራ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ያንን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ሙከራውንም አልጨረሰም።

ስለ ሕመም ፈቃዱ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ባላስፈለገኝ። ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ከታመመ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደሞዝ። የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። እኔ ጥቅምት 2015 ላይ አንድ አንሶላ ወረቀት ላይ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ስድስቱን ወር ብወስድ ክፍተቴ ከአንድ ዓመት ባነሰ ነበር። አሁን ሥራ ላይ ሆናችሁ እየታመማችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወረቀቶቹ እናንተን ቀድመው እንዳይናገሩ

የምትሉትን መርጣችሁ ወረቀታችሁ ሌላ እንዳይል። ውል ሲቋረጥ አሠሪው በነፃ ሊሰጥ የሚገባው የምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ነው። ለምን እንደለቀቃችሁ መጻፍ የለበትም። የአንድ ጓደኛዬ ወረቀት ላይ ግን «ባጋጠማቸው የአእምሮ ሁከት ምክንያት» የሚል ሐረግ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ጸሐፊዋ በቅን ልብ ያዘነችላት መስሏት ነው። ተመልሳ ሄዳ «በራሳቸው ፈቃድ» ተብሎ እንዲስተካከል ጠየቀች፣ ተስተካከለላት። ወረቀታችሁን ማኅተም ከመደረጉ በፊት አንብቡ።

«ከሥራ ገበታ በመቅረት ተሰናብተዋል» የሚል ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ታምሞ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናበተው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ዝምታ አያዋጣም፤ ጠያቂው ሳያነሳው አንሱት፤ «የቀረሁት ታምሜ ነው፤ በወቅቱ ማሳወቅ አልቻልኩም፤ የሕክምና ማስረጃ አለኝ።» ማስረጃውን በተመለከተ ሐኪማችሁ የሕመሙን ስም ሳይጠቅስ የታከማችሁበትን ጊዜና ለሥራ ብቁ መሆናችሁን ብቻ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ማኅተሙ የየትኛው ክፍል እንደሆነም እዩ፤ አንዳንዴ ደብዳቤው የደበቀውን ማኅተሙ ይናገራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን አሽጋችሁ ለሰው ኃይል ኃላፊው በእጁ መስጠት ነውር የለውም። መዝገብ ቤት ከገባ የሚያነበው ብዙ ነው።

ዋሱ

ሂሳብ፣ ካሸር፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ባንክ ከሆነ ዋስ ትጠየቃላችሁ። ይህ ሁለተኛ ኢንተርቪው ነው፤ ሰው ግን አይዘጋጅበትም። ዋስ የሚሆነው ሰው ደሞዝተኛ ነው፣ ያውቃችኋል፣ ስትታመሙም ሰምቷል። ሲፈርም «ይቺ ልጅ ደህና ናት?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ ቀጣሪውም በአጋጣሚ ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ለቀጣሪው ያላችሁትን ቃል በቃል ለዋሱም ንገሩት፤ ሁለት ዓይነት ወሬ እንዳይኖር።

እኔ የሰፈራችንን ጋሼ ነው የለመንኩት፤ ውኃ ልማት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው። ሰንበቴ ጠጥተው ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸውና ሳልጠየቅ ጀመርኩ። ታምሜ እንደነበር፣ ሥራ ያቋረጥኩት ለዚያ እንደሆነ፣ አሁንም በሁለት ወር አንዴ ሐኪም እንደማይ፣ እንደማላሳፍራቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ዋስትናው የስንት ወር ደሞዝ ነው?»

ነገርኳቸው። ትንሽ አስበው እስክሪብቶ አለሽ ወይ አሉኝ።